ደሴቲቱ መንገዷን የምትዘጋበት ቀን

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ሲያትል አጠገብ ታኮማ ወደሚገኘው የድርጅታችን ዕቃ ቤት ሄጄ በእጄ ያለውን ሁሉ አስረከብኩ። ሄልሜት፣ አንጸባራቂ ሰደርያ፣ ሬዲዮ፣ የዝናብ ልብስ፣ ባንድ ፊቱ «ቁም» በሌላው «ቀስ በል» የሚል ሰሌዳ ያለው ረጅም ዘንግ። ዕቃ ቤቱን የያዘችው ወጣት ገና ሄልሜቱን ከእጄ ሳትቀበል ኮምፒውተሯ ላይ ያሉትን ሳጥኖች በሙሉ ምልክት አድርጋ ጨርሳ ነበር።

«ልጄ፣ መጀመሪያ ዕቃውን ተቀበይኝ» አልኳት። «ምልክቱን ከዚያ ታደርጊዋለሽ።»

ሳቀች። «ዜኒ ደግሞ! አንቺን ማን ይጠረጥርሻል?»

ስሜ ዘነበች ነው፤ እነሱ ዜኒ ይሉኛል። እኔ ግን አብሬያት መሳቅ አልቻልኩም። አውቶቡስ ተሳፍሬ ቤቴ ቡሪየን እስክደርስ ድረስ የማስበው ስለዚያች ምልክት ነበር። ዕቃው ሳይመጣ መጥቷል የምትል፣ ሥራው ሳይሠራ ተሠርቷል የምትል ትንሽ ምልክት። እኔም አንድ ቀን እንደዚያች ልጅ አድርጌአለሁ። ልጄ ቤቴል «ማም፣ እሱን ነገር ጻፊው፤ ለእኔ ብለሽም ቢሆን» ስትለኝ ከርማለች። ትምህርቴ አምስተኛ ክፍል ላይ የቆመ ስለሆነ መጻፍ ያስፈራኛል። ቢሆንም እጄ የሚያውቀውን ሥራ ስለሆነ የምጽፈው እሞክራለሁ።

እዚህ አሜሪካ ስመጣ መጀመሪያ አየር ማረፊያ ውስጥ ዊልቸር ገፋሁ። ቀጥሎ ኮሎምቢያ ሲቲ በሚሉት ሰፈር አጠገብ በነበረ አንድ የመኪና ማቆሚያ ቲኬት ቆረጥኩ። የቤቴል አባት በሕመም ከተለየን በኋላ የጤና ኢንሹራንስ ያለው ሥራ ስፈልግ፣ የቤተ ክርስቲያናችን እኅት «መንገድ ላይ ቆሞ መኪና ማስቆም ትችያለሽ?» አለችኝ። የሁለት ቀን ሥልጠና ወስጄ ፈተናውን በሁለተኛው ሙከራ አለፍኩና ፍላገር ሆንኩ። መንገድ ሲቆፈር፣ ቧንቧ ሲቀበር፣ ድልድይ ሲታደስ፣ ሰሌዳ ይዛ መኪናውን የምታስቆም የምታሳልፍ ማለት ነው።

እኔ የምሰጋ ሰው ነኝ። ምድጃውን አጥፍቼ ከደረጃው ሥር ተመልሼ አያለሁ። ቤቴል ልጅ ሳለች ትምህርት ቤት አድርሻት የገባችበትን በር ሌላ ልጅ እስኪገባበት ድረስ አፈጥበት ነበር። ባደግኩበት በሆሳዕናም በሲያትልም «አንቺ ሴትዮ፣ ዝም ብለሽ ትጨነቂያለሽ» ያላለኝ የለም። ይህን ጭንቀቴን ሙያ ነው ብሎ የወደደልኝ የመጀመሪያው ሰው ጋሽ ሃብቶም ናቸው።

ጋሽ ሃብቶም ከእኔ በፊት ብዙ ዓመት የሠሩ የቡድናችን ኃላፊ ነበሩ። አሥመራ ተወልደው አዲስ አበባ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ያደጉ ናቸው። አማርኛቸው የዚያው ሰፈር ነው፤ ትግርኛ የሚቀላቅሉት ሲናደዱ ብቻ ነው። በሦስተኛው ሳምንቴ፣ መንገድ ለመዝጋት ከምንደረድራቸው የፕላስቲክ ኮኖች አንዱን ሦስቴ ቦታውን ስቀያይር አዩኝና ከትራኩ፣ ከሥራ መኪናችን፣ ወርደው መጡ።

«ወይዘሮ ጭንቀት!»

«አቤት ጋሽ ሃብቶም።»

«ያ ኮን ምን በደለሽ?»

«ከወዲያ የሚመጣው መኪና ላያየው ይችላል ብዬ ነው።»

ወደ ኩርባው ሄደው፣ በሹፌር ቁመት ጎንበስ ብለው አዩትና ተመለሱ። «እውነትሽን ነው፤ አይታይም» አሉ። «በይ እንግዲህ፣ ቤትሽ ውስጥ በነፃ ስትጨነቂ ኖረሻል፤ እዚህ ይከፈልሻል። ተጨነቂ!»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ ደሴቲቱ ይዘውኝ ይሄዱ ጀመር።

የደሴቲቱን ስም አልጽፍም፤ የማወራው የሰው ቤት የሚነካ ስለሆነ። ከሲያትል በፌሪ፣ መኪና በሚያሻግረው መርከብ፣ ይኬድባታል። በዓመት አንድ ቅዳሜ፣ ቅጠል በሚረግፍበት ወራት፣ መንገዶቿን ለመኪና እሽቅድምድም ትዘጋለች። ሜዳ ላይ የተሠራ የውድድር ስፍራ አይደለም። የትምህርት ቤት አውቶቡስ የሚመላለስበት፣ ሰው ውሻውን የሚያናፍስበት፣ በረጃጅም ዛፎች መካከል የሚጠማዘዝ ጠባብ አስፋልት ነው። በእያንዳንዱ መኪና ውስጥ ሁለት ሰው አለ። አንዱ ይነዳል፤ ሌላው ከደብተር ላይ የሚመጣውን ኩርባ ያነብለታል። አንዱ ከሄደ ከአንድ ደቂቃ በኋላ ሌላው ይለቀቃል። ከሁሉ በፊት «ዜሮ» የሚሏት መኪና መንገዱ ባዶ መሆኑን እያየች ታልፋለች።

ዜሮ ከማለፏ በፊት መንገዱን ባዶ የምናደርገው እኛ ነን። መስቀለኛውን መዝጋት ቀላሉ ነው፤ ኮንና አጥር ይበቃዋል። አስቸጋሪው የሰው ደጃፍ ነው። አዘጋጆቹ ደብዳቤ ይልካሉ፣ ሰውም ያነበዋል፣ በዕለቱ ግን ይረሳዋል። ስለዚህ በየቤቱ እየሄድን እናንኳኳለን፣ ሰው መኖሩን እናረጋግጣለን፣ መንገድ በሚነካው አጥር በር ላይ ብርቱካናማ የፕላስቲክ ቴፕ እናስራለን። ከዚያ ፎርሙ ላይ ለእያንዳንዱ ቤት ምልክት እናደርጋለን፤ አንኳኳሁ፣ አገኘሁ፣ አሰርኩ።

ጋሽ ሃብቶም ይህን ሥራ የሚሠሩበት የራሳቸው ልማድ ነበራቸው። ፎርሙንና እስክሪብቶውን ትራኩ ውስጥ ቆልፈውበት ይወጣሉ። መንገዱን በእግራቸው ይሄዱታል። አንድ በር ያንኳኳሉ፤ ያናግራሉ፤ ቴፑን ያስራሉ፤ ጎተት አድርገው ይፈትሻሉ። ከዚያ ከዚያው ደጃፍ አንዲት ጠጠር አንስተው ኪሳቸው ይከታሉ። ቴፑ ካልታሰረ ጠጠር የለም። መጨረሻው ቤት ሲደርሱ ያን ሁሉ መንገድ ወደ ትራኩ ይመለሱና ጠጠሮቹን ኮፈኑ ላይ ደርድረው፣ እስክሪብቶውን የሚያወጡት ያን ጊዜ ነው። ለአንድ ጠጠር አንድ መስመር።

«ጋሽ ሃብቶም፣ እስክሪብቶውን ለምን አይዙትም? ይህን ሁሉ መንገድ መመለስ አይደክምዎትም?» ብዬ ጠይቄአቸዋለሁ።

«ይደክመኛል እንጂ!» አሉኝ። «ኪሴ ውስጥ ካለ እኮ በደከመኝ ሰዓት አወጣዋለሁ።»

«ቴፑስ? ሕፃን ልጅ እንኳ ይበጥሰዋል። ማንን ያስቆማል?»

«ማንንም አያስቆምም። ያስታውሳል። የራሱን በር ከፍቶ ሲወጣ ቴፑ ደረቱን ሲነካው፣ ኦ ለካ ዛሬ ነው ይላል። እኔ የምፈልገው ያቺን አንዲት ኦ ናት።»

በሦስተኛው ዓመት ከመንገዱ የታችኛውን ክፍል፣ ሰባት ቤቶችን፣ ለእኔ ብቻ ሰጡኝ። የመጨረሻው ቤት የሚስ አይሪን ነበር። ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው፣ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ጆሮአቸው ትንሽ የከበደ ሴት ናቸው። ባለፉት ሁለት ዓመታት ከጋሽ ሃብቶም ጋር ስንመጣ በስም ይጠሩን ነበር። እኔም በዓመቱ ዳቦ ጋግሬ ወስጄላቸው ነበር። በእንግሊዝኛ አንተም አንቱም አንድ ነው፤ እኔ ግን በልቤ ከአንቱ ሌላ ብያቸው አላውቅም።

አሁን ወደ ጥፋቴ እመጣለሁ።

እንግሊዝኛ ማንበብ እችላለሁ፤ ቀስ ብዬ ነው። ያ ፎርም ብዙ መስመር ነበረው። ባለፉት ዓመታት ዝናብ ውስጥ ኮፈን ላይ ጎንበስ ብዬ ቃል በቃል ሳነብ፣ ሌሎቹ ሥራቸውን ጨርሰው ይጠብቁኝ ነበር። አንዱ ወጣት ባልደረባችን «ዜኒ ሆይ፣ መጽሐፍ ቅዱስ ነው እንዴ የምታነቢው?» ብሎ አስቆብኛል። ቀልድ ነው፤ ክፋት አልነበረውም። እኔን ግን አሳፈረኝ። ሶ፣ በሦስተኛው ዓመት ማለዳ፣ ፌሪው ውስጥ ሙቀት ባለበት ተቀምጬ፣ እያንዳንዱን መስመር በደንብ አንብቤ፣ ሰባቱንም ቤቶች ምልክት አድርጌ ጨረስኩ። ማታለል አልመሰለኝም። ያው የማደርገው ነገር ነው፣ ጊዜ ባለኝ ሰዓት ልጻፈው ብዬ ነው። እስክሪብቶውን ኪሴ ከተትኩት።

ስድስቱን ቤቶች አንኳኳሁ፣ አሰርኩ። ሚስ አይሪን ዘንድ ስደርስ ሹራባቸውን ደርበው አጥር በራቸው ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ቴፑን ከጥቅሉ ስፈታ እጄን ያዙኝ።

«ሃኒ፣ እሱን ተዪው። እንደ ጥጃ አታስሪኝ። ሃምሳ ዓመት የኖርኩበት መንገድ ነው፤ ዛሬ እንደማይወጣ አውቃለሁ።»

እኔ ያደግኩት ትልቅ ሰው አንድ ነገር ሁለቴ እንዲናገር በማይደረግበት ቤት ነው። በእናቴ ዕድሜ ያሉ ሴት ደጃፍ ላይ ገመድ ማሰር ከመጀመሪያውም ይከብደኝ ነበር። ጋሽ ሃብቶም ቢሆኑ ስቀው፣ ቀልደው፣ ያስሩት ነበር። እኔ «እሺ ሚስ አይሪን» አልኩና ቴፑን ጠቅልዬ ወደ ቦርሳዬ መለስኩት። ጠጠርም አላነሳሁም፤ ጠጠሩ እንኳ ትዝ አላለኝም። ወረቀቱ ሞልቶ ነበርና የሚያስታውሰኝ ነገር አልነበረም። ወረቀቱን ለጋሽ ሃብቶም ሰጠሁ። አምነውኝ ከሥሩ ፈረሙ።

የእኔ ቦታ ከአጥር በራቸው ሰማንያ እርምጃ ያህል ወረድ ብሎ፣ ኩርባው ላይ ነበር። ጋሽ ሃብቶም ከእኔ በላይ፣ መኪኖቹ ከሚመጡበት በኩል፣ ሽቅብ ቆመዋል። ዜሮ አለፈች። ከዚያ አንደኛው፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው መኪና እርጥብ ቅጠሉን እየበተኑ አለፉ። ዝናቡ በረታ። የአራተኛው ድምፅ ከዛፎቹ መሃል መሰማት ሲጀምር ቀና አልኩ። የሚስ አይሪን አጥር በር ተከፈተ።

ፔርሙዝ ይዘው ነበር። በመስኮት አይተውኛል፤ ዝናብ ውስጥ ቆሜ፣ በርዶኝ። ለእኔ ሻይ ሊያመጡልኝ ነው።

ፊሽካዬን ነፋሁ። ቀና ብለው አዩኝና ፈገግ ብለው ፔርሙዙን ከፍ አድርገው አሳዩኝ። መጣሁልሽ እንደማለት። ደግሜ ነፋሁ። አስፋልቱ ላይ ወረዱ። ሬዲዮውን ስጫን የተማርኩት እንግሊዝኛ ሁሉ ከአፌ ጠፋ። «ይቁም! ይቁም! ሴትዮዋ መንገድ ላይ ናቸው!» ብዬ በአማርኛ ጮኽኩ። የውድድሩ ተቆጣጣሪ በሬዲዮው ምን አልሽ፣ ድገሚው ይላል። ጋሽ ሃብቶም ግን ሰምተዋል። አራተኛውን ሊያቆሙት አልቻሉም፤ አልፏቸው ነበር። ከኋላው የሚመጣውን አምስተኛውን በቀይ ባንዲራ አቆሙት። ያን ቀን አማርኛ የሚሰማ ሰው እዚያ ባይቆም ምን ይሆን እንደነበር ዛሬም ማሰብ አልወድም።

አራተኛው መኪና ሚስ አይሪንን ለማዳን ወደ ግራ ታጠፈ። ቦዩን ዘሎ ከዛፍ ጋር ተጋጨ። ከዚያ ዝናቡ ብቻ ተሰማ።

ሹፌሩ በራሱ እግር ወጣ። ደብተር የሚያነበው ወጣት አልወጣም። ስደርስ ደብተሩን እንደጨበጠ ተቀምጦ ነበር፤ ዓይኑ ክፍት ነው፣ ይተነፍሳል። እግሩ ግን መሆን ባለበት አኳኋን አልነበረም። ሚስ አይሪን ጠጠሩ ላይ ወድቀው ነበር። ምንም አልሆኑም። ሳነሳቸው «ሃኒ፣ ሻይ እኮ ነው» አሉኝ። ደጋግመው ይኼንኑ ብቻ አሉ።

ወጣቱ ተረፈ። ግን ከዚያ በኋላ ያለ ከዘራ አልሄደም።

ከአዘጋጆቹ አንድ ሰው መጥቶ ፎርሜን ይዞ ጠየቀኝ። ጨዋ ሰው ነበር፤ ወንበር አቀረበልኝ። «ቴፑ ታስሯል ይላል፤ አሁን ግን በሩ ላይ የለም። ሴትዮዋ ፈተውት ይሆን?» አለኝ። መልሱን በአፌ ላይ አስቀመጠልኝ። እኔ አዎም አይም አላልኩም። ወረቀቱን አየሁ፣ ዝም አልኩ። እሱም ዝምታዬን እንደ መልስ ጻፈው። ያን ጊዜ የታየኝ ቤቴል ናት፤ ኮሌጅ ልትገባ ነው፣ ኢንሹራንሷ በእኔ ነው። ለሚስ አይሪን ምን ይመጣባቸዋል ብዬ አላሰብኩም። አዛውንት ናቸው፣ ማን ይቀጣቸዋል ብዬ አለፍኩት።

ስድስት ሳምንት ሄደ። በእኛ ዘንድ አደጋ የደረሰበት ሰው ይጠየቃል፤ ሳይጠይቁ መቅረት ራሱን የቻለ ጥፋት ነው። በዚያ ላይ እንቅልፍ አጥቼ ነበር። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ዳቦዬን ጠቅልዬ በፌሪ ሄድኩ።

በሩን የከፈተልኝ ልጃቸው ነው፤ ፀጉሩ የሸበተ ትልቅ ሰው። ሳሎኑ በካርቶን ተሞልቷል። ግድግዳው ላይ ሥዕል የነበረበት ቦታ ብቻውን ነጣ ብሎ ይታያል። ሚስ አይሪን መስኮቱ ጋ ተቀምጠዋል፤ ስድስት ሳምንት ሳይሆን ስድስት ዓመት ያረጁ መሰሉኝ።

«እማዬን ወደ መጦሪያ ልንወስዳት ነው» አለኝ ልጁ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ቴፑን በእጇ ፈትታ፣ መፍታቷን አታስታውስም። ነገ ደግሞ ጋዙን ከፍታ ብትረሳውስ?»

እሳቸው ግን ሰምተውታል። «አላስታውስም» አሉ፤ እኔን እያዩ። «በየቆሻሻ መጣያው ፈለግኩት። በሹራቤ ኪስ፣ በመሳቢያው ሁሉ። የት አድርጌው ይሆን? ዜኒ፣ ስታስሪው ምን አልኩሽ?»

የዚያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። ዳቦውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ፣ ጉንጫቸውን ሳምኩ፣ ወጣሁ። ይህን የምጽፈው ራሴን ላሳምር ስላልሆነ እንዳለ እጽፈዋለሁ። ወጣሁ።

ቤቴ ደርሼ ለቤቴል ነገርኳት። ፊቷ ተለወጠ። «ማም፣ ኖ። ዘይ ዊል ፋየር ዩ» አለችኝ፤ ከሥራ ያባርሩሻል ማለቷ ነው። ቀጥሎ በአማርኛ፣ «ቆይ፣ እሳቸው ግን አብጃለሁ ብለው ነው የሚያስቡት?»

«አዎ።»

«ሶ ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?» አለችኝ።

በማግስቱ ጋሽ ሃብቶምን በድርጅቱ ግቢ ውስጥ ኮን ሲጭኑ አገኘኋቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የሚስ አይሪንን ቃል፣ ቴፑን መመለሴን፣ ካርቶኖቹን። ሥራቸውን ሳያቋርጡ ሰሙኝ። ስጨርስ አንዱን ኮን እንደያዙ ቆሙ።

«እስክሪብቶው የት ነበር?»

«ኪሴ ውስጥ።»

«መቼ ጻፍሽው?»

«ፌሪው ላይ።»

ይሰድቡኛል ብዬ ነበር። በትግርኛ እንኳ አልተናገሩም። ኮኑን አስቀመጡና ጓንታቸውን አወለቁ። «ከሥሩ የፈረምኩት እኔ ነኝ» አሉ። «ጠጠሩን ኮፈኑ ላይ አሳዪኝ ሳልልሽ ፈረምኩ። ያን ዕለት ዝናብ ነበር፣ ቸኩዬ ነበር። ነይ እንሂድ።»

«ጋሽ ሃብቶም፣ እርስዎ እኮ ጡረታዎ ደርሷል። እኔ ብቻዬን…»

«አንቺ ሴትዮ፣ ብቻሽን መጨነቅ አልተውሽም? ነይ አልኩሽ!»

አለቃችን ሰምቶን በሩን ዘጋ። ተቆጣ፤ የሚገባ ቁጣ ነበር። እኔ ያለ ሥራ ለጥቂት ሳምንት ተቀመጥኩ፣ ሥልጠናውን ከመጀመሪያው ወሰድኩ፣ ከደሴቲቱ ሥራ ለሁለት ዓመት ተነሳሁ። ጋሽ ሃብቶም የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈባቸውና ከኃላፊነት ወርደው በተራ ፍላገርነት ጡረታቸውን ጨረሱ። አንድም ቀን አላነሱብኝም። ለተጎዳው ወጣት ቤቴል እያገዘችኝ ደብዳቤ ጻፍኩለት። መልስ አልመጣም። መልስ የመስጠት ዕዳ የለበትም።

ከአለቃዬ ዘንድ በወጣሁ በማግስቱ ደሴቲቱ ሄድኩ። ልጁም ነበረ። ቆሜ፣ ከእንግሊዝኛዬ የቻልኩትን ያህል አጥርቼ፣ «ቴፑን አላሰርኩትም። ወረቀቱ ላይ አሰርኩ ብዬ የጻፍኩት ሳልመጣ ነው። የረሱት ነገር የለም፤ ቴፕ አልነበረም» አልኩ።

ልጁ ካርቶኑ ላይ ተቀመጠ። ሚስ አይሪን ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ የተናገሩትን አልረሳውም።

«ስድስት ሳምንት ሙሉ አእምሮዬን ስፈልግ ነበር። አንቺ እዚያ ወንበር አጠገብ ቆመሽ እያየሽኝ ነበር።»

«አዎ።»

«በይ ሂጂ።»

ሄድኩ። ከአጥሩ ስወጣ ከኋላዬ ካርቶን ሲቀደድ ሰማሁ። ማን እንደቀደደው አላየሁም። ከወር በኋላ ጋሽ ሃብቶም በዚያ በኩል ሥራ ነበራቸውና መስኮቱ ላይ ብርሃን እንዳለ፣ ሥዕሉም ወደ ግድግዳው እንደተመለሰ ነገሩኝ።

በሁለተኛው ዓመት ማብቂያ ወደ ደሴቲቱ ተመለስኩ። እስክሪብቶዬን ትራኩ ውስጥ ቆልፌ መንገዱን በእግሬ ያዝኩ። ስድስት ጠጠር ኪሴ ውስጥ ይዤ የሚስ አይሪንን በር አንኳኳሁ። ከፈቱ። ከዘራ ይዘዋል።

«ይዘሽው መጥተሻል?»

«ምኑን ሚስ አይሪን?»

«ቴፑን ነዋ!»

አሳየኋቸው። እስከ አጥር በሩ ድረስ ቀስ እያሉ ተከተሉኝና እዚያው ቆመው አዩኝ። አሰርኩ። ጎተት አደረግኩት። እሳቸውም በከዘራቸው ጫፍ ነካ ነካ አድርገው ፈተሹት።

«አጥብቂው» አሉኝ።

አጠበቅኩት። ሻይ አላቀረቡልኝም፣ ሃኒም አላሉኝም። ግን እስክጨርስ ድረስ ከዚያ ንቅንቅ አላሉም። ስጨርስ «ለከርሞ» ብለው ገቡ። ከዚያ በኋላ በነበሩት አራት ዓመታት በዚያው ዓይነት አሰርኩላቸው። በሦስተኛው ላይ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ስንለያይ፣ «ያ ዳቦሽ ጥሩ ነበር» አሉኝ። በሚቀጥለው ዓመት ዳቦ ይዤ ሄድኩ፤ ተቀበሉኝ።

ያረፉት ባለፈው ክረምት ነው። በገዛ ቤታቸው፣ በገዛ አልጋቸው። ልጃቸው ለድርጅቱ ደውሎ ለእኔ እንዲነገረኝ አደረገ። ጋሽ ሃብቶምም ከእሳቸው ጥቂት ቀድመው አርፈው ነበር። በጋሽ ሃብቶም ቀብር ላይ ከደሴቲቱ ያመጣሁትን ጠጠር በእጄ ይዤ ቆምኩ፤ ለማንም ግን አላሳየሁም።

የመጨረሻው የውድድር ሥራዬ ከዚያ በኋላ ነበር። ቤቱ ባዶ ነው፤ መጋረጃዎቹ ተነሥተዋል። አብራኝ የነበረችው አዲሷ ልጅ ከትራኩ ሆና፣ «ዜኒ፣ እሱን ዝለዪው፤ እዚያ ቤት ማንም የለም» አለችኝ።

«ማን ነገረሽ?» አልኳት።

«ሁሉም ያውቃል እኮ!»

ሄጄ በሩን አንኳኳሁ። ጆሮው የከበደ ሰው ሰምቶ፣ ከወንበሩ ተነሥቶ፣ ከዘራውን ፈልጎ በሩ ጋ እስኪደርስ የሚፈጅበትን ያህል ቆምኩ። ከዚያ ደግሜ አንኳኳሁ። ከዚያ አጥር በሩ ላይ ቴፑን አሰርኩ፣ ጎተት አደረግኩት፣ አጠበቅኩት። ከደጃፉ አንዲት ጠጠር አነሳሁና፣ እስክሪብቶዬ ወዳለበት፣ ያን ሁሉ መንገድ በእግሬ ተመለስኩ።